ዳክዬዋም በራዱም ተነሥተው ሄደዋል

ከኒው ዮርክ ከተማ በስተምሥራቅ፣ በሎንግ አይላንድ፣ ማርቲን ሞረር የተባለ ዳክዬ አርቢ እ.ኤ.አ. በ1931 አንድ ሱቅ አስገነባ። ሱቁ ራሱ ዳክዬ ነው፤ ቁመቱ 6፣ ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ ሆኖ በእንጨትና በሽቦ ላይ ሲሚንቶ ተለስኖ የተሠራ ነጭ ዳክዬ። ዓይኖቹ የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና የኋላ መብራቶች ናቸው። ገዢው በደረቷ በኩል ገብቶ ዳክዬና እንቁላል ይዞ ይወጣ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሥራ የልጅ ጨዋታ ነው ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። አርክቴክቶቹ ሮበርት ቬንቹሪና ዴኒዝ ስኮት ብራውንም ቅርፁ ራሱ ማስታወቂያ የሆነን ሕንፃ «ዳክዬ» ብለው ሲሰይሙ ለማመስገን አልነበረም። እኔ ግን በዚያ ገበሬ ሥራ ውስጥ ትልቅ ማስተዋል ይታየኛል። በበቅሎ የሚጓዝ ሰው ጽሑፍ ለማንበብ ፋታ አለው። መሪ የጨበጠ ሰው ግን ከሩቅ ለይቶ፣ ወስኖ፣ ፍሬን እስኪይዝ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ሞረር የገነባው ለዚህ ሰው ዓይን ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው በዋሽንግተን ግዛት፣ በዚላ ከተማ ያለውን የነዳጅ ማደያ ነው። በ1922 ሲሠራ እጀታና መቅጃ ያለው በራድ ሆኖ ተሠራ። ምክንያቱ ቁጣ ነበር። የፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ሚኒስትር አልበርት ፎል በዋዮሚንግ ግዛት «ቲፖት ዶም» በተባለ ቦታ ያለውን የመንግሥት ነዳጅ ያለ ጨረታ ለግል ኩባንያ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር፤ በኋላም በጉቦ ተፈርዶበት ታሰረ። «ቲፖት» በራድ ማለት ነውና ማደያው ቅሌቱን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ቤንዚን ሊቀዳ የመጣውን ሁሉ ያስታውሰው ነበር።

በ1956 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ግን የጉዞውን መልክ ለወጠው። ፈጣኖቹ መንገዶች ትንንሾቹን ከተሞች ወደ ጎን ትተው አለፉ፤ ማደያዎቹም አንድ መልክ ያዙ። በሰሜን ካሮላይና፣ በዊንስተን ሴለም አካባቢ በ1930ዎቹ መባቻ በዛጎል ቅርፅ ከተሠሩት ስምንት የሼል ማደያዎች ዛሬ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ሰባቱን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ዳክዬዋና በራዱ እንደነዚያ ያልጠፉት ሰዎች ስላነሧቸው ነው፤ ቃል በቃል። የበራዱ ማደያ በ1978 አዲስ አውራ ጎዳና ሲመጣበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። በ2012 ደግሞ የከተማው አስተዳደር ገዝቶ ወደ መሀል ከተማ አመጣው፤ ዛሬ የእንግዶች መቀበያ ነው። ዳክዬዋንም ቦታዋ ለግንባታ ሲፈለግ የሰፎክ አውራጃ ተረክቦ ወደ ሌላ ስፍራ አዛወራት፤ በ2007 ወደ ቀድሞ ቦታዋ መለሳት። ሁለቱንም ያተረፋቸው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ነጋዴ አሮጌ በራድ የሚንከባከብበት የትርፍ ምክንያት የለውምና እንዲህ መሆኑ ትክክል ነበር እላለሁ።

በከተሞቻችን መንገድ ሲሰፋ አሮጌው ሕንፃ ያለ ብዙ ክርክር ይፈርሳል። መንገዱ ያስፈልጋል፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው «ሌላ አማራጭ የለም» በሚለው ቃል ነው። የዳክዬ ቅርፅ ያለው የሲሚንቶ ሱቅ ሳይፈርስ ከቦታ ቦታ የሚጓዝ ከሆነ፣ አያቶቻችን የኖሩበትን ቤት ከማፍረስ በፊት ቢያንስ ስለ ማዛወር፣ ካልሆነም መንገዱን ጥቂት ስለ ማጠፍ፣ መሐንዲሶች በአደባባይ መልስ ሊሰጡን ይገባል።

በአስመራ ደግሞ ማንሣት እንኳ ሳያስፈልግ ባለበት የቆየ ማደያ አለ። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፔታሲ በ1938 ፊያት ታልዬሮን የሠራው በአውሮፕላን ቅርፅ ነው። የተሠራው በቅኝ አገዛዝ ዘመን ነው፤ ኤርትራውያን ግን የራሳቸው አድርገው አቆዩት፤ በ2017 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ የሆነችው ከተማ አንዱ መለያም ሆኗል። ሲሠራ ባለሥልጣናቱ ክንፎቹ ይወድቃሉ ብለው ምሰሶ እንዲደረግላቸው አዝዘው እንደነበር ይነገራል። ግራና ቀኝ 15 ሜትር ያህል የተዘረጉት ክንፎች ግን ዛሬም ያለ ምሰሶ ቆመዋል።