ባሕር ማለት ወደብ ብቻ አይደለም

ኮምቦልቻ ላይ ስለ ባሕር ከተወራ ወሬው ወደብ ነው። ከጅቡቲ ተጭኖ ደረቅ ወደባችን የሚራገፈው ኮንቴይነር፣ የመኪና ኪራይ፣ የባሕር በር ጉዳይ። አይፈረድም፤ የብዙ ሰው እንጀራ እዚያ መንገድ ላይ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ባሕር የሚሰጠን ትልቁ ነገር ጭራሽ አለመነሳቱ ነው። ትንፋሻችንን ማለቴ ነው።

ልጆቻችን ኦክስጅን ከዛፍ ይገኛል ብለው ያድጋሉ። ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ምድር ላይ በየዓመቱ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ባሕር ላይ ከሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ነው። ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ። አብዛኞቹ በዓይን አይታዩም፤ ግን እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። ፕሮክሎሮኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ብቻ እንይ። 1000 ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር አይሞሉም። በቁጥር ግን ፎቶሲንተሲስ ከሚሠሩት ሁሉ የሚስተካከለው የለም። ሳይንቲስቶች ስለ እሱ ለዓለም የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። እስከዚያ ድረስ መኖሩንም አናውቅም ነበር!

ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አየሩ ላይ ኦክስጅን መጠራቀም የጀመረውም በእነዚሁ ዘመዶች፣ በሳያኖባክቴሪያ ነው። ያኔ ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

ፋይቶፕላንክተኖች ሲሞቱ ደግሞ ከፊሉ የያዘውን ካርቦን ይዞ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል። በጥንት ዘመን የሰመጡት ደለል ተጭኗቸው፣ በሙቀትና በግፊት ነዳጅ ሆኑ። በባቲ በኩል እያጓራ ወደ እኛ የሚወጣው ተሳቢ የሚያቃጥለው ናፍጣ በአብዛኛው የእነሱ ቅሪት ነው። እነሱ በሚሊዮን ዓመታት የቀበሩትን ካርቦን እኛ በጥቂት ትውልድ ወደ አየር መለስነው። ይህ ካርቦን አየሩን ስለሚያሞቀው ባሕሩም ይሞቃል። ላዩ ሲሞቅ ከሥር ካለው ቀዝቃዛና ንጥረ ነገር የሞላበት ውሃ ጋር መደባለቁ ይቀንሳል። ላይ ያሉት ደቃቅ ፍጥረታት ንጥረ ነገር ያጥራቸዋል።

«ቦርከና እንኳ ባሕር አይደርስም፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቦርከና አዋሽ ገብቶ አፋር ላይ ይቀራል። አየሩ ግን አንድ ነው፤ ጦሳ ተራራ ላይ የሚተነፍስ ሰውም የሚስበው እሱኑ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችን እነዚህን ፍጥረታት በዓይናቸው ሊያዩ ይገባል። ባሕር ሩቅ ነው፤ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ግን ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባሕሮቹ የቅርብ ዘመዶች እዚያም አሉ፤ ዲያቶም የሚባሉት እንደ መስታወት ባለ ቅርፊት ውስጥ ይኖራሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜ ቅዳሜ ላቦራቶሪውን ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች ቢከፍትስ? ከሐይቅ የተቀዳ አንድ ብልቃጥ ውሃና ማይክሮስኮፕ ለመጀመር ይበቃል።