ለደም ዓይነት ጠበብት የቀረበ ምስጋና

ዛሬ የማመሰግናቸው ሰዎች አሉ። ነጭ ጋውን አይለብሱም፣ ደረት የሚያዳምጡበት መሣሪያም የላቸውም። ምን ያደርግላቸዋል? አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሰምተው፣ ገና አፍንጫውን ጠርጎ ሳይጨርስ፣ "የደም ዓይነትህ ምንድን ነው?" የሚሉት፣ አስምና አለርጂን ሁሉ በደም ዓይነት የሚተነትኑት ሊቃውንት ናቸው። የትም አሉ። ቢሮ አሉ፣ ታክሲ ውስጥ አሉ፣ ቤተሰብ ውስጥማ ቢያንስ አንድ አይጠፋም።

የጥበባቸው ትልቁ ነገር አለመሳሳቱ ነው። ኦ ነኝ ካልክ፣ "በቃ፣ አስም የኦ በሽታ ነው" ትባላለህ። ኤ ነኝ ካልክ፣ ኤዎች አቧራ አይችሉም። ቢ ከሆንክ "ቢ እኮ የታወቀ የአለርጂ ደም ነው"። ኤቢ የሆነው ምስኪን ደግሞ የሁለቱንም ጣጣ ወርሷል። ታዲያ አንድ ጤነኛ ኦ ቢመጣና፣ ፎቁን በደረጃ ሮጦ ወጥቶ ምንም ባይለው? "ቆይ፣ ገና ነው፤ ዕድሜህ ሲገፋ ይነሳብሃል።" ኮከብ ቆጣሪ እንኳ አንዳንዴ ይስታል፣ እነዚህ ግን ወይ ፍንክች።

የሚያሳዝኑኝ ሳይንቲስቶቹ ናቸው። ካርል ላንድስታይነር የአንዱ ሰው ደም ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ለምን እንደሚጓጉል ሲመራመር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ቪየና ውስጥ የደም ዓይነቶችን ለየ። ኤቢን ባልደረቦቹ በ1902 ጨመሩ። ሰውየው ለዚህ ሥራው በ1930 ኖቤል ተሸለመ። ይህን ሁሉ ለፍቶ ያተረፈልን ምንድን ነው? ደም ሲሰጠን እንዳንሞት ብቻ! እዚያው ቪየና ደግሞ ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የሚባል የሕፃናት ሐኪም በ1906 "አለርጂ" የሚለውን ስም አወጣ። እስቲ አስቡት፣ አንዱ ደም ይዞ፣ ሌላው አለርጂ ይዞ፣ በአንድ ከተማ ሲኖሩ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆም ብለው ነገሩን አልጨረሱትም። የኛ ሰዎች ቢሆኑ ታክሲ እስኪሞላ ይጨርሱት ነበር።

ነገሩ ጨርሶ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው እንዳልል ግን ትንሽ ነገር አለ። የደም ዓይነትን የሚለዩት ምልክቶች ስኳር መሰል ነገሮች ናቸው፤ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ብቻ አይደሉም። የመተንፈሻ አካላችንን የውስጥ ሽፋን በሚያለብሱት ሕዋሳት ላይም አሉ፤ ከ10 ሰው 8 ያህሉ ደግሞ በምራቁና በአክታው ጭምር ያመነጫቸዋል። ጀርሞች ደግሞ እንዲህ ዓይነት ስኳር ላይ መለጠፍ ይወዳሉ። ስለዚህ "የደም ዓይነት ከአስም ጋር ይገናኝ ይሆን?" ብሎ መጠየቅ ሞኝነት አይደለም። ተጠይቋልም። አንዱ ጥናት ኦ በዛ አለ፣ ሌላው የለም ኤ ነው አለ፣ ሌላው ቢን ከአፍንጫ አለርጂ ጋር አገናኘ፣ ሌላው ደግሞ ቆጥሮ ቆጥሮ ምንም ልዩነት አጣ። አጥኚዎቹም አንገታቸውን ደፍተው "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" ብለው ጻፉ። ወይ ድፍረት ማጣት! የኛ ሊቅ እንዲህ ያለ አሳፋሪ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች የሰውን ጂን ዳር እስከ ዳር አስሰው ከልጅነት አስም ጋር ጎልቶ የተያያዘ ቦታ አገኙ። ያገኙት ጂኖች ከተደረደሩባቸው ክሮች በአንዱ፣ ክሮሞዞም 17 በሚባለው ላይ ነው። የኤ፣ ቢ እና ኦ ጂን የሚኖረው ደግሞ ክሮሞዞም 9 ላይ። አድራሻ ቢሳሳቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ግን ሕክምናው ነው። ሕክምና የለውማ! የደም ዓይነት መቅኔ ካልተተካልህ በስተቀር ከተወለድክበት አይለወጥም። ስለዚህ ምንም ማድረግ አይጠበቅብህም፣ ይሄ ደግሞ እንዴት ያለ እረፍት ነው! ሐኪም ጋ ብትሄድ ጣጣው ብዙ ነው። ትንፋሽህን በመሣሪያ ይለካሃል፣ ክንድህ ላይ የአለርጂ ምርመራ ነካ ነካ አድርጎ 15 ወይም 20 ደቂቃ ቁጭ ያደርግሃል፣ ከዚያ ምንጣፉን አንሳ ይልሃል፣ አንሶላውን በ60 ዲግሪ ውኃ እጠብ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሻጋታ አስወግድ፣ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ያለበትን፣ በአፍ የሚሳበውን ፓፍ ደግሞ ባያምህም በየቀኑ ውሰድ። በየቀኑ! "ኦ ስለሆንኩ ነው" ማለት እያለልህ ይሄን ሁሉ ምን አመጣው? ፓፉም ቢሆን ባለጌ ነው፣ የማንንም የደም ዓይነት ሳይጠይቅ ነው የሚሠራው።

ሊቃችንን በሥራ ላይ ላየው ሰው ደግሞ ልብ ይነካል። አንዱ አስሙ ተነስቶበታል እንበል። ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶታል። ሌላው ሰው ፓፍ ፍለጋ ቦርሳ ሲበረብርና መኪና ሲጠራ ሊቁ ጠጋ ይልና፣ "ወንድሜ፣ ኦ ነህ አይደል?" ይለዋል። ጥያቄው የታሰበበት ነው። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ከ"ኦ" የቀለለ መልስ የለም። ኤቢ የሆነ ግን ትንሽ ይቸገራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ አስም 455,000 ሰው ገድሏል ይላል። ብዙዎቹ የሞቱት መድኃኒቱ እንደልብ በማይገኝባቸውና በሽታው በወጉ በማይታወቅባቸው ድሃ አገሮች ነው ብሎም ይጨምራል። ምን ዋጋ አለው፣ የሟቾቹን የደም ዓይነት አልጻፈም።

ይህ ጥበብ የቤተሰብ ሰላምም ይጠብቃል፤ ለአንድ ወገን ብቻ ቢሆንም። አባት ኤ ነው፣ እናት ቢ ናት፣ ልጁ ቢ ሆኖ ተወለደ፣ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። በቃ ነገሩ ተፈታ፤ በእናቱ ወጥቶ ነው። የአባት ወገን በሙሉ እፎይ ይላል። "በእኛ በኩል አስም የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም" ይላሉ አክስትየው፣ ራሳቸው እያሳላቸው። አባትየውም ሳሎን ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን ሲጋራ እየለኮሰ ደሙ ለምን በእሱ እንዳልወጣ ይተክዛል።

በስንት ግፊት ልጁን ሐኪም ቤት ይወስዱታል። ዶክተሩም ያንኑ የተለመደ፣ ከደም ጋር የማይገናኝ ጥያቄውን ይጠይቃል፦ "ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?"

አባትየው የለበሰው ጃኬት ራሱ ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ "ኧረ ዶክተር፣ ልጁ እኮ ቢ ፖዘቲቭ ነው!"