ከኋላዬ ላሉት ባለጥሩምባ

ትናንት ጠዋት ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ ያሉት ሰው አረንጓዴው እንደሚበራ ከመብራቱ ቀድመው አወቁ። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅሁም፤ እንዲህ ያለ ጸጋ ላልተሰጠው ሰው ቢነግሩት አይገባውም። እኔ የማውቀው ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው ገና ብልጭ ሲል ጥሩምባቸው በጀርባዬ ገብቶ በግንባሬ መውጣቱን ነው። ዓይኔ ቀለሙን አይቶ ለአእምሮዬ እስኪያቀብል፣ አእምሮዬም እግሬን ከፍሬን ላይ እስኪያነሳ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ተራ ሰው ሆኜ ተፈጥሬ ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በመኪናቸው መጠን አይለዩም፣ በዕድሜም አይለዩም፤ መዳፋቸው ከመሪው እምብርት ባለመነሳቱ ይለያሉ። ከፊታቸው ያለ መኪና ሁሉ የቆመው መብራት ይዞት ወይም እግረኛ ሊያሳልፍ ብሎ አይደለም፤ እሳቸውን ለማስቸገር ሌሊቱን ሲዶልት አድሮ ነው። ይህን ሴራ በጩኸት የሚያፈርሱ እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ሁላችንም እዚያው መብራቱ ሥር በሸበትን ነበር።

ለዚህ ውለታቸው ሕግ አርቃቂዎች የሰጡት ዋጋ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተደረሰው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ጥሩምባ የሚነፋው አደጋ እንዳይደርስ ለማስጠንቀቅ፣ ከከተማና ከመንደር ውጭ ደግሞ ልቅደምህ ለማለት ብቻ ነው ይላል። ድምፁም ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይረዝም ያዛል። ምን ዓይነት የሐሳብ ድህነት ነው! ጥሩምባ «አንተ እንቅልፋም»፣ «መንጃ ፈቃድህን ማን ሰጠህ»፣ «አለቃዬ ትናንት በሰው ፊት አዋረደኝ» ለማለትም እንደሚያገለግል አልታያቸውም።

ለመሆኑ ምን ያተርፉ ይሆን ብዬ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። በአንድ መብራት አንድ ሰከንድ ያተርፋሉ እንበል። በቀን አስር መብራት፣ በዓመት 300 ቀን ቢነዱ 3,000 ሰከንድ፣ ማለትም 50 ደቂቃ ይሆናል። አርባ ዓመት ያለማቋረጥ ቢነፉ 33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አጠራቀሙ ማለት ነው። ቀላል ሀብት እንዳይመስላችሁ።

እንግዲህ ቀናቸው ደርሶ መልአከ ሞት ከራስጌያቸው ቆመ። «ቆይ እስቲ» ይሉታል፤ «ያጠራቀምሁት 33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አለኝ።» መልአኩ መዝገቡን ይገልጣል። እውነታቸውን ነው፤ እያንዳንዷ ሰከንድ ከነቀኗ፣ ከነመብራቷ፣ ከፊት ከነበረው ሾፌር እርግማን ጋር ተጽፋለች። ይፈቀድላቸዋል። ቤተሰቡ በደስታ ያለቅሳል። ልጆቻቸው አልጋውን ከብበው የመጨረሻ ቃላቸውን ለመስማት ጆሯቸውን ያቀርባሉ። እሳቸው የመኪናቸውን ቁልፍ ይጠይቃሉ። መልአኩም ሥራው ነውና ተከትሏቸው ወጥቶ ከጎናቸው ይቀመጣል፤ ቀበቶውንም ያስራል፣ ለምን እንደሚታሰር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። የመጀመሪያው መብራት ቀይ ነው። ይጠብቃሉ። ሊለወጥ ሲል ያምባርቁታል፤ አንድ ሰከንድ አተረፉ! መልአኩ መዝገቡን አውጥቶ ይደምራል። ሁለተኛው መብራት ላይም ያተርፋሉ፣ አሁንም ይደመራል። «አሁን እየቀነስን ነው ወይስ እየጨመርን?» ብሎ መልአኩ ይጠይቃል። አይሰሙትም፤ ከፊታቸው ያለውን እየሰደቡ ነው። በአስረኛው ሰዓት የመልአኩ ጆሮ ይጮህ ጀመር። በሃያኛው ሰዓት ሁለቱን ክንፎቹን በጆሮቹ ላይ ጠቀለላቸው። በሰላሳኛው ሰዓት ወደ ላይ ማመልከቻ ጻፈ፤ ወደ ጎርፍ ወይም ወደ መሬት መንቀጥቀጥ ክፍል ቢያዛውሩት፣ እዚያ ቢያንስ በመሀል በመሀል ጸጥ ይላል። የእሳቸው ነፍስ የወጣችው ቀይ መብራት ላይ ነው። መዳፋቸው ጥሩምባው ላይ ወድቆ ስለቀረ ከፊት የነበረው ሾፌር በሕይወት ያሉ መስሎት መልሶ ሰደባቸው።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። ያልተንቀሳቀስሁት እንቅልፍ ወስዶኝ አልነበረም። አንዲት አዛውንት ምርኩዝ ይዘው ዜብራውን ተሻግረው አልጨረሱም ነበር። ጥሩምባው ሲያምባርቅ ደነገጡ፣ ተንገዳገዱ፣ ከዚያም እጃቸውን ወደ እኛ አንስተው ይቅርታ ጠየቁ።

ይቅርታ! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተር ብስክሌተኛ ነው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከየትኛውም በሽታ በላይ የሚገድለው ይኸው መንገድ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ይቅርታ የጠየቁት ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ብረት የሚነዳው ሰው ሳይሆን በምርኩዝ የሚሄዱት ሴት ናቸው። እዚህ ላይ ሽሙጡ አልመጣልኝም። ሰውየው ነውረኛ ነው፤ ሌላ ስም ፈልጌ አጣሁለት።

ይሁን። አዛውንቷ ተሻግረው ስንቀሳቀስ ባለጥሩምባው ያለ ፍሬቻ በጎኔ ሾልከው ቀደሙኝ። ሲያልፉም መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ስለ አስተዳደጌ አንዳንድ ነገር ነገሩኝ። ይህን ያህል በቅርብ የምንተዋወቅ አልመሰለኝም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥም የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ ዓይኑን አትይ፣ አትመልስለት፣ መንገድ ልቀቅለት፣ ከመኪናህ አትውረድ። ስለ አውሬም የሚነገረው ምክር ከዚሁ ብዙም አይርቅም። ምክሩን ፈጸምሁ፤ ዓይናቸውን አላየሁም፣ ያየሁት ጥርሳቸውን ብቻ ነው።

ከዚያማ በረሩ። አስር ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 60 የሄደ ሰው 50 ከሄደው በሁለት ደቂቃ ይቀድማል፤ ያውም መንገዱ ባዶ ሆኖ ከጠበቀው ነው። በለውጡ መኪናው ይዞት የሚጋጨው ጉልበት በ44 በመቶ ይጨምራል። ለሁለት ደቂቃ ይህ ውድ አይደለም፣ የሚከፍለው ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ።

መንገዱ ግን ባዶ አልነበረም። እሳቸው ከፊት ያለውን መኪና እስኪነኩት ይጠጋሉ፣ ፍሬን ይረግጣሉ፣ እኔ እረግጣለሁ፣ ከኋላዬ ያለው ከእኔ አብልጦ ይረግጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ውጤቱን ባሳተሙት ሙከራ ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ 22 መኪኖች አሰልፈው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲጓዙ አደረጉ። መብራት የለ፣ ግጭት የለ፣ የተቆፈረ መንገድ የለ። ጥቂት እንደዞሩ መጨናነቁ ከምንም ተፈጠረ፤ አንዱ ትንሽ ቀነስ ሲያደርግ የኋላው ይበልጥ ቀነሰ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የሚቆም መኪና መጣ፣ ግፊያውም እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ተጓዘ። ሙከራው አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ባለጥሩምባውን አላስገቡም። እሳቸው ቢኖሩበት ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ሃያ አንዱን መኪና እንደ አቧራ ጠርገው ሜዳውን ባዶ ያደርጉት ነበር። (አልዋሽም፣ እኔም አንድ ሁለት ቀን መጨናነቅ ውስጥ ሆኜ ነፍቻለሁ። ወደ ፊት የሄደ መኪና አላየሁም።)

ሁለት መብራት አልፈን እንደገና ተገናኘን። አሁን እሳቸው ከፊት ናቸው፣ እኔ ከኋላቸው። ቀዩ ይዟቸው አንገታቸውን ወደ ጭናቸው ደፍተዋል፤ ስልክ እያነበቡ ነው። አረንጓዴው በራ። አልተንቀሳቀሱም። ሁለት እጆቼን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ መቁጠር ጀመርሁ። ከጨዋነት እንዳይመስላችሁ፤ ከመጽሐፋቸው የተሰረዘችውን እያንዳንዷን ሰከንድ ማጣጣም ፈልጌ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

አምስት ልል አፌን ስከፍት ከእኔ ኋላ ያለው ሰው ጥሩምባውን አምባረቀው። እሳቸው ብድግ አሉ፣ በመስታወታቸው እኔን አዩኝና መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።