ኦቾሎኒ ማዘግየት ከአለርጂ አያድንም

እህቴ፣ «ለልጅ እስከ 3 ዓመቱ ኦቾሎኒ አትስጡ፣ አለርጂ ያመጣል» ያልሽው ጊዜው ያለፈበት ምክር ነው። ከሜዳ አላመጣሽውም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2000 እ.ኤ.አ. ለአለርጂ ተጋላጭ ለሆኑ ልጆች ይህንኑ ይመክር ነበር። በ2008 ተወው።

በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት እንግሊዝ የሚኖሩ የአይሁድ ልጆች እስራኤል ካሉት 10 እጥፍ ያህል የኦቾሎኒ አለርጂ እንዳለባቸው አሳየ። እስራኤል ውስጥ ባምባ የሚባለውን የኦቾሎኒ መክሰስ ገና በሕፃንነታቸው ነው የሚጀምሩት። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል።

ከዚያ ለንደን ላይ 640 ሕፃናት ተመረጡ። ሁሉም ከባድ ኤግዚማ (የሚያሳክክ የቆዳ ሕመም) ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው፣ ማለትም ይበልጥ የሚፈራላቸው ናቸው። ግማሾቹ ኦቾሎኒ አዘውትረው በሉ፣ ግማሾቹ ጭራሽ አልቀመሱም። 5 ዓመት ሲሞላቸው በበሉት ላይ አለርጂው በ81 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ የወጣው በ2015 ነው። በ2024 የወጣው ክትትል ደግሞ ጥቅሙ እስከ ጉርምስና እንደዘለቀ አሳየ።

ታዲያ ፍሬውን እንዳለ እንዳትሰጪው፣ ያንቀዋል! በደንብ ተፈጭቶ ገንፎው ውስጥ ይግባ፣ ምግብ ከጀመረ በኋላ። ከባድ ኤግዚማ ካለበት ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።