ቀን የምትቆጥር እናት «ግንዛቤ የላትም» አትባልም

ባለፈው ሳምንት በምኖርበት የሐዋሳ ሰፈር የቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የልደት ምዝገባ ለምን ዝቅተኛ ሆነ የሚል ጥያቄ ሲነሳ፣ መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ «ችግሩ የወላጆች የግንዛቤ እጥረት ነው» ብለው መለሱ። ቀጥለውም ከእንግዲህ የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ ያልያዘ ወላጅ ልጅ ለማስመዝገብ እንዳይመጣ አሳሰቡ። ሁለቱን ነገር የተናገሩት በአንድ ትንፋሽ ነው። ሰውን አትምጣ ብሎ መልሶ፣ አልመጣም ብሎ መውቀስ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የግቢያችን ተከራይ የሆነች አንዲት ወጣት ከኋላ ወንበር ላይ ልጇን ታቅፋ ይህን ትሰማ ነበር። ከወላይታ መጥታ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ከእጇ በማትለየው ፌስታል ውስጥ ከሆስፒታል የተሰጣት የልደት ማሳወቂያ፣ የክትባት ካርዱና ጉርድ ፎቶግራፎች አሉ። ማሳወቂያው ከመታጠፉ ብዛት እጥፋቱ ላይ መቀደድ ጀምሯል። ሦስት ጊዜ ሄዳለች። መጀመሪያ «እህቴ፣ ከመጣሽበት ቀበሌ መሸኛ ሳትይዢ አትምጪ» ተባለች። በሁለተኛው የአባትየው መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል ተባለ። በሦስተኛው ማህተም የያዙት ሰው ስብሰባ ገብተው ነበር።

ግንዛቤ የጎደለው የቱ ላይ ነው?

ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። የዚህ አገር እናት ደግሞ ቀን መቁጠር ከማንም አትማርም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እንደምትነሳ ሳታሰላ የምታድር የኦርቶዶክስ አማኝ አራስ የለችም፤ ይህችም እናት ልጇን በ80 ቀኗ አስጠምቃለች። የክትባቱን ቀንም አላሳለፈችም። በተወለደች ጊዜ ተከተበች፣ በስድስተኛው ሳምንት ተከተበች፣ በአሥረኛው ሳምንት ተከተበች። አሥረኛው ሳምንት 70ኛው ቀን ማለት ነው። እንግዲህ ይታሰብ፦ መንግሥት ይህችን ሕፃን በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ አግኝቷታል። ሦስቱንም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በመንግሥት ቤት ውስጥ፣ የተወለደችበትን ቀንና የእናቷን ስም እያየ ካርድ ላይ ጽፏል። የተወለደችው በአዋላጅ ነርስ እጅ ነው፤ ክብደቷ ተመዝኖ፣ ሰዓቷ ተመዝግቦ። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል? ልደት የሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም ጠረጴዛውን አንስቶ ክትባት ክፍል አጠገብ ቢያኖረው፣ ነገሩ ሁሉ አንዲት እናት ተራዋን በምትጠብቅበት ጊዜ ያልቃል። ለግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ የሚባክነው ቀን ለዚህ ይበቃ ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ወንበርና አንድ መዝገብ ነው፤ ይህ እንዳይሆን የሚከለክለው ደግሞ ድህነት ሳይሆን ባለጉዳይን ማመላለስ እንደ ሥራ መቆጠሩ ነው።

ሐሰተኛ የልደት ካርድ እንደሚሠራ አልክድም። ማጣራት ያስፈልጋል። ነገር ግን ሐሰተኛ ሰነድ የሚያሠራ ሰው ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ሆኖ ነው የሚመጣው። በመሸኛ ጥያቄ ተይዞ የሚመለሰው እውነተኛ ልጅ ያዘለው ነው።

ስለ ወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 760/2004 በዚህ ጉዳይ የሚያስመዘግበው ልደትን ነው፤ የወላጅ መታወቂያ መታደስ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በሌላ መስኮት ይታይ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ስምና ዜግነት የማግኘትን መብት የሰጠው ለሕፃኑ ነው። አባቷ መታወቂያውን ስላላሳደሰ ልጅቱ የምትቀጣበት ምክንያት የለም። ምዝገባው በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀውም በዚያው ዓመት ነው። ከተማችን በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከየገጠሩ ለሥራ ስትጠራ፣ እነዚህ ሴቶች እዚህ እንደሚያገቡና እዚህ እንደሚወልዱ ማሰብ የማን ሥራ ነበር? ዛሬ መሸኛ አምጪ የምትባለው ሌላ ክልል ድረስ ነው፤ አራስ ልጅ ታቅፋ፣ የቀን ደመወዟ ተቆርጦ፣ መናኸሪያ ተሰልፋ። ሄዳ ስትመለስ የሚፈርመው ሰው ስለመኖሩ ማንም ዋስትና አልሰጣትም። ነገ ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ከፍ ስትል ያለዕድሜዋ ልትዳር ሲባል፣ ዕድሜዋን የሚመሰክርላት ይኸው ወረቀት ነው።

ዛሬ ሕፃኗ 88 ቀኗ ነው። ቀጣዩ ክትባቷ በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ በ98ኛው ቀኗ ነው። እናቷ ቀኑን ከካርዱ ላይ አሳይታኛለች፤ ከአለቃዋም ከወዲሁ ፈቃድ ጠይቃለች። ያን ዕለት ጤና ጣቢያው በሰዓቱ የመጣች ልጅ ይቀበላል። በቀበሌው መዝገብ ግን «የዘገየች» ትባላለች።