ማስተካከያ፦ ከድንች ስታርች ስለሚሠራው መጠቅለያ

ጎንደር ውስጥ በፌስታል ፋንታ ከድንች ስታርች መጠቅለያ መሥራት ለሚፈልጉ ባወጣነው መመሪያ ላይ ስህተቶች ነበሩ።

ዋናው የግሊሰሪኑ መጠን ነው። «ከስታርቹ እኩል» ብለን ነበር፤ በጣም ይበዛል። ለ10 ግራም ስታርች 60 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 5 ሚሊ ሊትር አቼቶና 3 ሚሊ ሊትር ያህል ግሊሰሪን ይበቃል። ግሊሰሪን ሲበዛ መጠቅለያው ይልፈሰፈሳል፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብም እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይብስበታል። ሲያንስ እንደ ደረቀ ቂጣ ይሰባበራል።

«100 ዲግሪ እስኪደርስ ይፍላ» ያልነውም ለጎንደር አይሆንም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100ን የሚጠብቅ ሰው ድስት ከማሳረር በቀር ትርፍ የለውም። የድንች ስታርች ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት መወፈር ይጀምራል። ነጩ ድብልቅ ወፍሮ ጠራ እስኪል በዝግታ እሳት ሳያቋርጡ ማማሰል፣ ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አሳስቶ ዝርግ ትሪ ላይ ማፍሰስ። የሚደርቀው በጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ ጠርዙ ቀድሞ ደርቆ ይጠቀለላል።

«ወጥ ይይዛል» የሚለው ይሰረዝ። ውሃ ሲነካው አብጦ ይልፈሰፈሳል፣ ይፈራርሳልም፤ የሚሆነው ለደረቅ ነገር ብቻ ነው።

ማጠንከሪያ ይሆናል ያልነው የጎርጎራ እምቦጭ ቃጫም ምግብ ለሚነካ መጠቅለያ አይግባ፤ እምቦጭ ለጤና ጎጂ የሆኑ ከባድ ብረቶችን ከውሃ ይስባል። ከጣና ሐይቅ ዳር ሳይደርቅም አይጓጓዝ፤ ቁራጩ እርጥብ ቦታ ካገኘ ይበቅላል።