ማስተካከያ፦ የዴንጊ ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው
ባለፈው ስለ ዴንጊ ትኩሳት ስጽፍ፣ በሞቃታማ ደሴቶች የሚኖሩ ሰዎች ማታ አጎበር ውስጥ ከተኙና የቆመ ውሃ ከደፉ ይበቃቸዋል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይህን አምኖ የሚዘናጋ ሰው እንዳይኖር ቶሎ ላርመው።

ዴንጊን በዋናነት የምታስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕታይ የምትባለው ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው። ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደግሞ ይብስባታል። አጎበሩን ግን አትጣሉት፤ ቀን ለሚተኙ ሕፃናትና ለታመሙ ሰዎች በጣም ይጠቅማል። ለሌላው እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ፣ የሚቀባ የትንኝ መከላከያና የመስኮት ወንፊት ያስፈልጋል።

ውሃ መድፋትም ብቻውን አይበቃም። የትንኟ እንቁላሎች ጥቁርና ደቃቅ ናቸው፣ ቆሻሻ ነው ብላችሁ ታልፏቸዋላችሁ። ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ የዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ደርቀው ለወራት ይቆዩና ውሃ ሲነካቸው ይፈለፈላሉ። ስለዚህ የዝናብ ውሃ የምታጠራቅሙበትን በርሜል በሳምንት አንዴ ውስጡን በብሩሽ ፈትጋችሁ እጠቡት፣ ከዚያ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት። አሮጌ ጎማና የኮኮናት ቅርፊትም እንዳይረሳ።

አንድ ነገር ደግሞ ዘልዬ ነበር። ዴንጊ ከተጠረጠረ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አይወሰድ፤ የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይሻላል።